የፕሮሰስ ቅድሚያን ከተርሚናል ማስተካከል፦ ናይስ፣ ሪናይስ እና ቁጥሩ ተቀይሮ ለውጡ የማይታይበት ምክንያት

ባክአፕ፣ የቪዲዮ ቅየራ ወይም ትልቅ ኮምፓይል ተጀምሮ ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ሥራውን መግደል አያስፈልግም፤ ለሌሎቹ ተራ እንዲለቅ ማድረግ ይበቃል። ሊኑክስ ላይ ይህ በአንድ መስመር ትእዛዝ ያልቃል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ ትእዛዙ ስሕተት ሳያወጣ ያልፋል፣ ቁጥሩም ተቀይሮ ይታያል፣ ማሽኑ ግን እንደነበረው ይቀጥላል። ከትእዛዞቹ ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠነው ለዚህኛው ነው።

ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ጽፈናቸዋል። ኪቦርድ ላይ የሚመቱት በላቲን ትንንሽ ፊደላት ስለሆነ፣ ዋና ዋናዎቹ መጀመሪያ ሲነሡ ፊደል በፊደል ተዘርዝረዋል። «-ኤን» ሲባል ሰረዟና ፊደሏ ያለ ክፍተት ተያይዘው ማለት ነው።

ቁጥሩ የሚለው

እያንዳንዱ ተራ ፕሮሰስ (እየሄደ ያለ ፕሮግራም) ከ-20 እስከ 19 የሚደርስ የናይስ ቁጥር አለው። ካልተነካ 0 ነው፤ ልጅ ፕሮሰስ የወላጁን ቁጥር ይወርሳል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቅድሚያው ዝቅ ይላል። የይሉኝታ ልክ አድርገው ቢያስቡት አይምታታብዎትም፦ 19 የደረሰው ለሁሉም ተራ ይለቃል፣ -20 የሆነው ለሌላው እምብዛም አይለቅም።

ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ይህን ቁጥር ወደ ክብደት ይለውጠዋል። ለ0 ክብደቱ 1024 ነው፤ ለ1 820፣ ለ5 335፣ ለ10 110፣ ለ19 ደግሞ 15። በተቃራኒው በኩል -20 ላይ 88761 ይደርሳል። አንድ ቁጥር መጨመር ወይም መቀነስ ክብደቱን በ1.25 ገደማ ማካፈል ወይም ማባዛት ነው። ሁለት ፕሮሰሶች አንድ ኮር (የሲፒዩ አንድ የሥራ ክፍል) ሲሻሙ ጊዜው የሚከፋፈለው በክብደታቸው ልክ ነው፦ አንዱ 0 ሌላው 5 ከሆነ 75 በመቶ ለ25፣ 0 እና 10 ከሆኑ 90 ለ10 ገደማ፣ 0 እና 19 ከሆኑ 98.6 ለ1.4። የሚሠራው በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው፤ ሁለቱም 10 ቢሆኑ እኩል ይካፈላሉ። የከርነሉ መርሐ ግብር አውጪ በ2007 (ስሪት 2.6.23)፣ ከዚያም በ2023 (ስሪት 6.6) ከሥሩ ተቀይሯል፤ ይህ የክብደት ሰንጠረዥ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ክብደት ድርሻ እንጂ ጣሪያ አይደለም። 19 የተሰጠው ፕሮሰስ ተሻሚ ከሌለው ኮሩን 100 በመቶ ይጠቀማል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ዋናው ጥቅሙ ነው፤ ሌሊት ማንም ሳይኖር ባክአፑ በሙሉ ፍጥነት ይሄዳል፣ ቀን ሰው ሲመጣ ያፈገፍጋል። አንድ ፕሮሰስ ከ30 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ማገድ ከፈለጉ ናይስ መሣሪያዎ አይደለም።

አንደኛ፦ ችግሩ የሲፒዩ መሆኑን ማረጋገጥ

«ቶፕ» (ቲ-ኦ-ፒ) ብለው ይክፈቱና ከላይ ያለውን የሲፒዩ መስመር ያንብቡ። «ዩኤስ» (የፕሮግራሞች) እና «ኤስዋይ» (የከርነሉ) ከፍ ብለው «አይዲ» (ሥራ ፈት ጊዜ) ወደ ዜሮ ከተጠጋ ኮሮቹ በእርግጥ ተይዘዋል፤ ናይስ ይጠቅማል። «ደብሊውኤ» ከፍ ካለ ፕሮሰሶቹ ዲስክ እየጠበቁ ነው፤ ወደ ዲስኩ ክፍል ይዝለሉ። ማሽኑ ራም አልቆበት ስዋፕ ላይ ከወደቀ ደግሞ ከዚህ መመሪያ ምንም አይጠቅምዎትም። ናይስ የሚነካው የፕሮሰሰር ተራን ብቻ ነው፤ ራም አያስለቅቅም።

ዝርዝሩ ውስጥ «ኤንአይ» የሚለው ዓምድ የናይስ ቁጥሩ ነው። «ፒአር» የሚለው ለተራ ፕሮሰስ 20 ሲደመር ናይስ ነው፤ ስለዚህ 20 ሆኖ ቢያዩት ምንም አልተነካም ማለት ነው። በዝርዝር ለማተም፦

ፒኤስ -ኢኦ ፒአይዲ,ኤንአይ,ሲኤልኤስ,ፒሲፒዩ,ኮም --ሶርት=-ፒሲፒዩ

(«ኮም» በሁለት ኤም ይጻፋል፤ በኮማዎቹ መካከል ክፍተት አይግባ።) ብዙ ሲፒዩ የሚበሉት ከላይ ይመጣሉ። «ሲኤልኤስ» ዓምድ ላይ «ቲኤስ» ካለ ተራ ፕሮሰስ ነው። «ኤፍኤፍ» ወይም «አርአር» ካለ ግን የሪልታይም (ከተራዎቹ ሁሉ የሚቀድም መደብ) ነውና ናይስ አይገዛውም።

ሁለተኛ፦ አዲስ ሥራ በዝቅተኛ ቅድሚያ ማስጀመር

ናይስ (ኤን-አይ-ሲ-ኢ) ከሚያስነሡት ትእዛዝ ፊት ይገባል፦

ናይስ -ኤን 10 ታር -ሲዜድኤፍ ባክአፕ.ታር.ጂዜድ ዳታ/

ቁጥር ሳይሰጡ «ናይስ» ብቻ ብለው ትእዛዙን ቢያስከትሉ 10 ይጨምራል። ምንም ሳያስከትሉ ብቻውን ቢጽፉት ሼሉ (ተርሚናል ውስጥ ትእዛዝዎን የሚቀበለው ፕሮግራም) አሁን ያለበትን ቁጥር ያትማል። ለየትኛው ሥራ ስንት እንደሚሰጥ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፦ ማንም ቁጭ ብሎ ለማይጠብቀው ነገር 19፣ ዛሬ ማለቅ ላለበት ግን ለማይቸኩል 10። እንደ 3 እና 7 ያሉትን ማማረጥ ጊዜ ማባከን ነው።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች አሉ።

ናይስ ቁጥሩን ይደምራል እንጂ አይተካም። ሼልዎ ራሱ 5 ላይ ካለና 10 ከሰጡ ፕሮሰሱ 15 ላይ ይነሣል። ስክሪፕቱ በናይስ ተጠርቶ በውስጡም ናይስ ካለበት ሁለቱ ይደመራሉ፤ 19 ላይ ሲደርስ ይቆማል።

አሮጌው አጻጻፍ ወጥመድ ነው። «ናይስ -10» ማለት አሥር መቀነስ ሳይሆን አሥር መጨመር ነው፤ ሰረዟ የመቀነስ ምልክት አይደለችም። ሁልጊዜ «-ኤን» ይጠቀሙ፤ ያኔ «-ኤን -5» ሲሉ መቀነሱ ግልጽ ነው።

ናይስ የሚይዘው ከአጠገቡ ያለውን ትእዛዝ ብቻ ነው። «ናይስ -ኤን 19 ታር -ሲኤፍ - ዳታ/ | ጂዚፕ > ባክአፕ.ታር.ጂዜድ» ብለው ቢጽፉ ታሩ 19 ይሆናል፤ ኮምፕረስ እያደረገ ሲፒዩውን የሚበላው ጂዚፕ ግን 0 ላይ ይቀራል። መፍትሔው መላውን መስመር በአንድ ሼል መጠቅለል ነው፦

ናይስ -ኤን 19 ኤስኤች -ሲ 'ታር -ሲኤፍ - ዳታ/ | ጂዚፕ > ባክአፕ.ታር.ጂዜድ'

ቀደም ሲል በ«-ሲዜድኤፍ» የተጻፈው ይህ ችግር የለበትም፤ እዚያ ጂዚፕን የሚያስነሣው ታር ራሱ ስለሆነ ቁጥሩን ይወርሳል።

በመጨረሻም፣ ያለ ሩት (የማሽኑ አስተዳዳሪ) ፈቃድ ከዜሮ በታች ቢጠይቁ ናይስ «ቁጥሩን መቀየር አልተፈቀደም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያትማል፤ ትእዛዙን ግን በነበረው ቁጥር ያስነሣዋል። ስክሪፕት ውስጥ ማስጠንቀቂያው ወደ ሎግ ከሄደ ማንም አያየውም። ይህን ለማለፍ ከፊት «ሱዶ» መጨመር ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፦ ፕሮግራሙ በሙሉ በሩት ይነሣል፣ የሚፈጥራቸውም ፋይሎች የሩት ይሆናሉ። ይልቁንስ በራስዎ ስም ከበስተጀርባ ያስነሡትና ከዚያ ቁጥሩን ብቻ በሱዶ ያውርዱ፤ «$!» የመጨረሻው የበስተጀርባ ፕሮሰስ መለያ ቁጥር ነው፦

ፕሮግራሙ &
ሱዶ ሪናይስ -ኤን -5 -ፒ $!

ሦስተኛ፦ እየሄደ ያለውን መቀየር

ሪናይስ (አር-ኢ-ኤን-አይ-ሲ-ኢ) የሚፈልገው የፕሮሰሱን መለያ ቁጥር፣ ማለትም ፒአይዲውን ነው። በስም ለመፈለግ ፒግሬፕ (ፒ-ጂ-አር-ኢ-ፒ) ይጠቀሙ፤ «-ኤ» ሲጨምሩ ሙሉ ትእዛዙን አብሮ ስለሚያሳይ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ይለያሉ፦

ፒግሬፕ -ኤ ኤፍኤፍኤምፔግ
ሪናይስ -ኤን 15 -ፒ 4321

ከተሳካ የድሮው ቁጥር 0፣ አዲሱ 15 መሆኑን በአንድ መስመር ያትማል። ሊኑክስ ላይ ሪናይስ የሚሰጡትን ቁጥር እንዳለ ያስቀምጣል፤ ከናይስ የሚለየው በዚህ ነው። በ«-ፒ» ፈንታ «-ዩ» እና የተጠቃሚ ስም ቢሰጡ የዚያ ሰው ፕሮሰሶች በሙሉ ይቀየራሉ፤ «-ጂ» ለፕሮሰስ ቡድን ነው።

በይነገጽ የሚመርጥ ሰው ቶፕ ውስጥ «አር» ተጭኖ ፒአይዲውንና ቁጥሩን ያስገባል። ኤችቶፕ ካለ ፕሮሰሱን መርጦ ኤፍ8 ቁጥሩን ከፍ፣ ኤፍ7 ዝቅ ያደርገዋል።

ከመንካትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ፦ ያለ ሩት ይህ መንገድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የራስዎን ፕሮሰስ ከ0 ወደ 15 መውሰድ ይችላሉ፤ ወደ 0 መመለስ ግን አይችሉም፣ «አልተፈቀደም» ይባላሉ። ለሙከራ ብለው የገቡበትን ሼል 19 ካደረጉት ከእሱ የሚነሣው ሁሉ 19 ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ተርሚናሉን ዘግቶ አዲስ መክፈት ይሻላል። ለአንድ ተጠቃሚ ቋሚ ፈቃድ መስጠት ከተፈለገ አስተዳዳሪው «/ኢቲሲ/ሴኪዩሪቲ/ሊሚትስ.ኮንፍ» ውስጥ የሚከተለውን ይጨምራል፦

የተጠቃሚው-ስም - ናይስ -5

ከዚያ በኋላ ያ ሰው እንደገና ሎግኢን ሲያደርግ እስከ -5 ድረስ በራሱ መውረድ ይችላል።

ሁለት ነገሮች ሪናይስን የማይሠራ ያስመስሉታል። አንደኛው ልጆቹ ናቸው፦ ውርስ የሚሆነው ልጁ ሲወለድ ነው፤ አስቀድመው የተነሡ ልጆች ወላጃቸው ሪናይስ ቢደረግ አይነኩም። ትልቅ ኮምፓይል ላይ ዋናውን «ሜክ» ሲቀይሩ አሁን እየሄዱ ያሉት ኮምፓይለሮች እስኪያልቁ በ0 ይቀጥላሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚነሡት ይታዘዛሉ። ሁለተኛው ስሬድ፣ ማለትም በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት የሥራ መስመሮች እያንዳንዱ ነው። ሊኑክስ የናይስ ቁጥርን የሚይዘው በእያንዳንዱ ስሬድ ስለሆነ በ«-ፒ» የሚቀየረው ዋናው ስሬድ ብቻ ነው። ሃያ ስሬድ ከፍቶ የሚሠራ የዳታቤዝ ወይም የጃቫ ፕሮግራም ላይ ዋናው ስሬድ ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ የሚጠብቀው ነውና ሪናይሱ ምንም አይለውጥም። ሁሉንም ለመያዝ የስሬዶቹን ዝርዝር ከ«ፕሮክ» (ፒ-አር-ኦ-ሲ) ማውጫ አንሥተው ይስጡት፦

ሪናይስ -ኤን 15 -ፒ $(ኤልኤስ /ፕሮክ/4321/ታስክ)

ቶፕ ውስጥ ትልቁን «ኤች» (በሺፍት) ሲጫኑ ስሬዶቹ ተነጣጥለው ስለሚታዩ የእያንዳንዳቸውን «ኤንአይ» ማየት ይችላሉ።

አራተኛ፦ በእርግጥ መሥራቱን መፈተን

ባለ ብዙ ኮር ማሽን ላይ ሁለት ፕሮሰስ አስነሥቶ ልዩነት መፈለግ ከንቱ ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ኮር ይይዙና 100 በመቶ ይሄዳሉ። ሽሚያ መፍጠር አለብዎት። ታስክሴት (ቲ-ኤ-ኤስ-ኬ-ኤስ-ኢ-ቲ) ፕሮሰስን በአንድ ኮር ላይ ያስረዋል፤ «የስ» የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ያለ ማቋረጥ መስመር ስለሚያትም ጥሩ ሲፒዩ በሊታ ነው፦

ታስክሴት -ሲ 0 የስ > /ዴቭ/ነል &
ታስክሴት -ሲ 0 ናይስ -ኤን 10 የስ > /ዴቭ/ነል &

ቶፕ ላይ አንዱ 90 በመቶ፣ ሌላው 10 በመቶ አካባቢ ሲዋልል ያያሉ። 19 ቢያደርጉት ወደ 1 እና 2 በመቶ ይወርዳል። ሲጨርሱ «ኪል %1 %2» ብለው ያቁሟቸው፤ ካልሆነ ኮሩን እንደያዙ ይቀራሉ።

አሁን ያንኑ ይድገሙ፤ ግን የመጀመሪያውን በአንድ ተርሚናል፣ ባለ 10ሩን በሌላ ተርሚናል። ብዙ ማሽኖች ላይ ውጤቱ 50 ለ50 ይወጣል። ቁጥሩ 10 ነው፣ ቶፕም 10 ይላል፣ ክፍፍሉ ግን እኩል ነው። «ናይስ አይሠራም» የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ምክንያቱ ቡድን ነው። ከ2011 ጀምሮ (ስሪት 2.6.38) ከርነሉ አውቶግሩፕ የሚባል አሠራር አለው፤ እያንዳንዱን የተርሚናል ሴሽን በራሱ ቡድን ያደርገዋል። ጊዜው መጀመሪያ ለቡድኖች ይከፈላል፣ ናይስ የሚታየው ከዚያ በኋላ በየቡድኑ ውስጥ ብቻ ነው። በሁለት ተርሚናል የተነሡ ፕሮሰሶች ሁለት ቡድን ናቸው፤ አንዱ ውስጥ ብቻውን ያለ ፕሮሰስ 19 ቢሆንም የሚሻማው ስለሌለ የቡድኑን ድርሻ በሙሉ ይወስዳል። አሠራሩ በርቶ እንደሆነ ለማየት፦

ካት /ፕሮክ/ሲስ/ከርነል/ሼድ_አውቶግሩፕ_ኢኔብልድ

(«ሼድ» ኤስ-ሲ-ኤች-ኢ-ዲ፣ «ኢኔብልድ» ኢ-ኤን-ኤ-ቢ-ኤል-ኢ-ዲ።) 1 ካለ በርቷል። መፍትሔው ቡድኑን ራሱን ናይስ ማድረግ ነው፤ ቁጥሩን በፕሮሰሱ የአውቶግሩፕ ፋይል ውስጥ ይጽፉታል፦

ኤኮ 10 > /ፕሮክ/4321/አውቶግሩፕ

ይህ በዚያ ሴሽን ያለውን ሁሉ ይነካል፤ ለባክአፕ የተለየ ተርሚናል ከከፈቱ ግን የሚፈልጉትም ይኸው ነው። አውቶግሩፕን ጨርሶ ማጥፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን ዴስክቶፕ ላይ የሚያስገኘውን ቅልጥፍና አብሮ ያስቀራል፣ አንመክረውም።

አምስተኛ፦ በሲስተምዲ ለሚነሡ አገልግሎቶች

ሰርቨር ላይ ያው ታሪክ በሌላ ስም ይመጣል። ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ፕሮግራም) እያንዳንዱን አገልግሎት በራሱ ሲግሩፕ፣ ማለትም ከርነሉ በሚያውቀው ቡድን፣ ያስቀምጠዋል፤ የሲፒዩ ቁጥጥር በቡድኖቹ መካከል በርቶ ከሆነ አንዱን አገልግሎት ከሌላው የሚያበላልጠው ናይስ ሳይሆን የቡድኑ ክብደት ነው። ክብደቱ ከ1 እስከ 10000 ይደርሳል፣ ካልተነካ 100 ነው። እዚህ ቁጥሩ ሲበዛ ድርሻው ይበዛል፤ ከናይስ ጋር ተገላቢጦሽ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሴት-ፕሮፐርቲ ሪፖርት.ሰርቪስ ሲፒዩዌይት=20

(«ሲፒዩዌይት» ላይ ሲ፣ ፒ፣ ዩ እና ደብሊው ትልልቅ ፊደላት ናቸው።) ለውጡ ወዲያው ይሠራል፣ ዳግም ከተነሣም በኋላ ይቆያል፤ ለጊዜው ብቻ ከሆነ «--ረንታይም» ይጨምሩ። በተርሚናል ለሚያስነሡት አንድ ሥራ ቡድን ለመፍጠር ደግሞ፦

ሱዶ ሲስተምዲ-ረን --ስኮፕ -ፒ ሲፒዩዌይት=20 ትእዛዙ

እዚህም ትእዛዙ በሩት እንደሚነሣ አይርሱ። በአገልግሎቱ ፋይል ውስጥ «ናይስ=10» ማለትም ይቻላል፤ የሚጠቅመው ግን በዚያው አገልግሎት ውስጥ ካሉት ጋር ሲወዳደር ወይም የቡድን ቁጥጥሩ ካልበራ ነው። ኮንቴይነር ውስጥ የሚሰጥ ናይስም እንዲሁ ከኮንቴይነሩ ግድግዳ አያልፍም።

ዲስኩ ሲሆን

አዮናይስ (አይ-ኦ-ኤን-አይ-ሲ-ኢ) የዲስክ ተራን ያስተካክላል። ሦስት መደቦች አሉት፦ 1 ሪልታይም፣ 2 መደበኛው (በውስጡ ከ0 እስከ 7 ደረጃ፣ ዝቅተኛው ቁጥር ቀዳሚ)፣ 3 ደግሞ ዲስኩን ሌላ ሲተወው ብቻ የሚያገኝ። ለባክአፕ 3 ነው፦

አዮናይስ -ሲ 3 -ፒ 4321

ምንም ካልሰጡት ከርነሉ ደረጃውን ከናይስ ቁጥሩ ያወጣዋል፤ 0 ናይስ ደረጃ 4፣ 19 ናይስ ደረጃ 7 ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚያከብረው ግን የዲስኩ ወረፋ አስተዳዳሪ ነው። «ካት /ሲስ/ብሎክ/ኤስዲኤ/ኪው/ሼጁለር» ሲሉ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው አሁን የሚሠራው ነው («ኪው» ኪው-ዩ-ኢ-ዩ-ኢ፣ «ሼጁለር» ኤስ-ሲ-ኤች-ኢ-ዲ-ዩ-ኤል-ኢ-አር ተብለው ይጻፋሉ፤ «ሲስ» ደግሞ እዚህም ሆነ አውቶግሩፑ ላይ ከከርነል በፊት ያለው ኤስ-ዋይ-ኤስ ነው)። «ቢኤፍኪው» ከሆነ አዮናይስ በሙሉ ይሠራል። ፈጣን ዲስኮች ላይ እንደሚያጋጥመው «ነን» ከሆነ ቁጥሩን የሚያይ የለም። በተጨማሪም ወደ ዲስክ የሚጻፈው ዳታ በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ራም ውስጥ ገብቶ በኋላ በከርነሉ እጅ ወደ ዲስክ ስለሚወርድ፣ አዮናይስ የሚታየው በአብዛኛው ንባብ ላይ ነው።

በየሌሊቱ በክሮን (ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በሚያስነሣው) ለሚነሣ ሥራ ሁለቱን ማቀናጀት ነው፦

30 2 * * * ናይስ -ኤን 19 አዮናይስ -ሲ 3 /ኦፕት/ባክአፕ.ኤስኤች

በቅድሚያ ከ19 የሚያንሰውና ከ-20 የሚበልጠው

19 ራሱ ከበዛ መርሐ ግብሩን መቀየር ይቻላል። «ሲኤችአርቲ -አይ 0 ትእዛዙ» (ሲ-ኤች-አር-ቲ) ሥራውን ስራ ፈት በሚባለው መደብ ያስገባዋል፤ ክብደቱ 3 ብቻ ነው፣ ከ19ኙ 15 ጋር ያወዳድሩት።

በሌላው ጫፍ «ሲኤችአርቲ -ኤፍ 50» የሪልታይም መደብ ይሰጣል፤ ከ1 እስከ 99 ያለው ማንኛውም የሪልታይም ቁጥር ከ-20ው ተራ ፕሮሰስ ይቀድማል። ድርሻ የሚባል ነገር እዚህ የለም፤ ፕሮሰሱ ራሱ እስኪተኛ ድረስ ኮሩን አይለቅም። ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ከገባ ያ ኮር ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ከርነሉ በነባሪ ከየሰከንዱ 95 በመቶውን ብቻ ለሪልታይም የሚፈቅደው ለዚህ ነው። ለድምፅ ቀረጻና ለማሽን ቁጥጥር ካልሆነ አይንኩት። «አስፈላጊው አገልግሎት ቀርፋፋ ሆነ» ለሚለው፣ እሱን ወደ -10 ከማውረድ የሚያስቸግረውን ወደ 19 መግፋት ይሻላል፤ አስፈላጊው የሚያገኘው ድርሻ አያንስም፣ ሩትም አይጠይቅም፣ ሎግኢን የሚያስገባዎትን ኤስኤስኤችም ወደ ኋላ አያስቀርም።

ስክሪፕትዎ ወደ ማክኦኤስ ወይም ፍሪቢኤስዲ የሚሄድ ከሆነ ሪናይስን ደግመው ይዩት፤ እዚያ «-ኤን» የሚሰጠው ቁጥር ባለው ላይ ይደመራል እንጂ አይተካም። በየሰዓቱ «ሪናይስ -ኤን 5» የሚል ክሮን ሊኑክስ ላይ 5 ላይ ይቆያል፤ እዚያ ግን በአራተኛው ሰዓት ጫፉ ላይ ይደርሳል።